የጎባው አሮጌ መብራትና ያልተበጠሰው ገመድ

ይህ የሆነው አምና በአጨዳ ወቅት፣ ጎባ ውስጥ ነው። ገመድ በሸጥኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ገመድ ደግሞ የማልሸጥበት ቀን የለም።

የፈረስ ዕቃ ነጋዴ ነኝ። ኮርቻ፣ ልጓም፣ ገመድ እሸጣለሁ። ከሱቄ ፊት ለፊት ከድሮዎቹ የሲሚንቶ መብራት ፖሎች አንዱ ቆሞ ነበር፤ አናቱ ላይ ቆብ የደፋ የመስታወት ፋኖስ አለው። ጎባ የክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ ያበራ ነበር ይላሉ። እኛ የምናውቀው ፈረስ ሲታሰርበት ነው። በገበያ ቀን ከደጋ የሚወርደው ሁሉ ፈረሱን እዚያ ያስራል፤ እንጨት ይበሰብሳል፣ ሲሚንቶ ግን አይነቃነቅም እያለ።

ያን ቀን የቆዩ ደንበኛዬ ኦቦ ጀማል መጡ። ሚስታቸው ከሆስፒታል ስለምትወጣ ሊወስዷት ነው። ቤታቸው መኪና የማይወጣው ዳገት ላይ ነው፤ ያለ ፈረስ አትደርስም።

"ያ ገመድህ ተበጥሶ ዳማው ፈረሴ ግማሽ ቀን አስሮጠኝ" አሉኝ።

"አባቴ፣ እሱ እኮ የፍየል ማሰሪያ ነው። እርስዎ ርካሹን ሲመርጡ እኔ ምን ላድርግ?"

"በል ዛሬ እንዳትሸውደኝ። የማይበጠስ ስጠኝ።"

መኪና የሚጎትት ናይለን ሰጠኋቸው። "ይሄ ከተበጠሰ እኔን ይሰሩኝ" አልኳቸው። ሳቁ።

መጀመሪያ ያሰሩት ከአሮጌው አጠገብ በቅርቡ የተተከለው የሶላር መብራት ፖል ላይ ነበር። ደንብ አስከባሪው ከየት መጣ ሳይባል፣ "አንተ ሽማግሌ! አዲስ ንብረት ነው፣ ይቧጨራል። እዚያ አሮጌው ላይ እሰር!" ብሎ ጮኸባቸው። አዛወሩት።

ገና ጀርባቸውን ሲያዞሩ ከሲናና አጨዳ የሚመለስ ኮምባይነር ጥሩምባውን ለቀቀው። ፈረሱ ደንብሮ ወደ ኋላ ተሳበ። ገመዱ ወይ ፍንክች። የተሰበረው ፖሉ ነው። ለካ ውስጡ ያለው ብረት በዝገት አልቋል፤ ከሥሩ ተገንጥሎ ፈረሱ ወገብ ላይ ወደቀ።

ዳማው ሊነሳ ታገለ። የታዘዙለት የፊት እግሮቹ ብቻ ነበሩ። ሰው ሞባይሉን እያወጣ ከበበው። አንዱ፣ "ኦቦ፣ እንግዲህ ሚስትዎን በጀርባዎ ነዋ!" አለ። ተሳቀ።

ደንብ አስከባሪው ፈረሱን ተራምዶ ፋኖሱን አነሳ። መስታወቱ እንኳ አልተሰነጠቀም። "ተመስገን! ቅርስ እኮ ነው" አለ። ከዚያ ቅርስ አፍርሰዋልና ቅጣቱን እስኪከፍሉ ኮርቻው መያዣ ይሆናል ብሎ ከፈረሱ ጀርባ ላይ ይፈታ ጀመር።

"እዚያ እሰር ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?" አሉት።

"እሰር አልኩ እንጂ ጣል አልኩ?"

ኋላ ፖሊስ መጥቶ ዳማውን በጥይት ገላገለው። ኦቦ ጀማል ገመዱን ከአንገቱ ፈቱና እየጠቀለሉ ወደ እኔ መጡ። እርግማን ጠበቅኩ።

"እውነትህን ነው፣ ጠንካራ ነው" አሉኝ። ከልባቸው ነበር። ገመዱን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ሆስፒታሉ በእግራቸው ሄዱ።

ፋኖሱ አሁን አንድ ቢሮ በር ላይ ተሰቅሏል። አምፖል የለውም። እኔ በዕድሜዬ ስንት የማይረባ ዕቃ ሸጬ እንቅልፌን ለጥጬያለሁ፤ የሚቆረቁረኝ ያ አንድ ጥሩ ገመድ ነው። ያቺን የፍየል ገመድ ደግሜ ሸጬላቸው ቢሆን ኖሮ ዳማው ግማሽ ቀን አስሩጧቸው ይያዝ ነበር።

ዛሬ ደንበኛ "አይበጠስም?" ሲለኝ ቶሎ አልመልስም። መጀመሪያ ምን ላይ እንደሚያስር እጠይቀዋለሁ። የቀለድኩ መስሎት ይስቃል።