ለእናቴ ሱፍ ነው ብዬ የሰጠኋት

ጌታ ይባረክ፣ ቅዱሳን። የሻረግ ነኝ፣ ልብስ ሰፊዋ። ዛሬ ልመስክር ብዬ መሪዎቹን ያስቸገርኩት አዲስ ነገር ኖሮኝ አይደለም። አምና እዚሁ ቆሜ ስመሰክር የደበቅኋችሁ ነገር ስላለ ነው። «የእናቴ የአልጋ ቁስል በጸሎት ዳነ» ብያችሁ ነበር። እናንተም አጨበጨባችሁ። ጌታ ይቅር ይበለኝ እንጂ ግማሹን ብቻ ነው የነገርኳችሁ።

እናቴ ኑሮዋ አምበር አካባቢ ነበር። ዓይኖቿ ከጠፉ ቆይቷል። ወድቃ ዳሌዋ ሲሰበር ደብረ ማርቆስ እኔ ዘንድ አመጣናት። አባቴ የለም፣ ወንድሞቼም ሩቅ ናቸው። እኔ ደግሞ ቤቴ ውስጥ የስፌት መኪናዬ ላይ ነው የምውለው። ማጠቡም፣ ማገላበጡም፣ ማጉረሱም የእኔ ሆነ። ያው ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ ቀሚሳችሁን አዘግይቼ ተመልሼ የምጮህባችሁ እኔ አይደለሁም እንዴ? ያም ሆኖ ከእናቴ ጋር ደህና ነበርን። እሷ አጥባቂ ኦርቶዶክስ ናት። ኮሌጅ ሳለሁ ጌታን ስቀበል ዘመድ ሁሉ ሲያወግዘኝ፣ «ልጄ ናት፤ ቤቴ ትገባለች፣ ትወጣለች» ብላ ዝም ያሰኘቻቸው እሷ ነች።

ሁዳዴ ሲገባ ጀርባዋ ላይ ቁስል ወጣ። ሐኪሙ አየውና ወደ ጎን ጠርቶኝ፣ «ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት ካላገኘች አይዘጋም። ወደ ደሟ ከገባ ልናጣት እንችላለን» አለኝ። ስነግራት፣ «ፋሲካ ይድረስ» አለች። ለፋሲካ ገና ሁለት ወር ገደማ ይቀራል። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩባት። ወይ ፍንክች።

ያን ቀን ተንበርክኬ ጸለይኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ ነበር። አልጸለይኩም። ሱቅ ሄጄ የዱቄት ወተት ገዛሁ። በሞቀ ውሃ በጠበጥኩት፣ ማር ጨመርኩበት። አንዳንድ ቀንም እንቁላል መትቼ እቀላቅልበታለሁ። «ዛሬ ደግሞ ምን አገኘሽልኝ?» አለችኝ። «ሱፍ ነው፣ እማዬ» አልኳት። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሱፍ ተወቅጦ፣ በውሃ ታሽቶ፣ በጨርቅ ሲጠለል እንደ ወተት ይነጣል። ጾመኛ የሚጠጣው ነው።

ጠጣችና፣ «ይህን ሁሉ ሱፍ ስትወቅጪ ክንድሽ ዛለ፣ ልጄ። እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። በየቀኑ መረቀችኝ፣ እኔም በየቀኑ አሜን አልኩ። ዕድሜዋን ሙሉ ላም ስታልብ የኖረች ሴት የወተት ጣዕም ጠፍቷት አይደለም። ልጄ ትዋሸኛለች ብላ ስላላሰበች ነው።

ቁስሉ እየጠበበ መጣ። ሐኪሙም «ጥሩ ነው፣ በርቺ» አለኝ። እናንተም ጸልያችሁ ነበር፤ ጸሎታችሁ ከንቱ ነበር አልልም። እኔ ግን ገና ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ መጥቼ ዳነ ብዬ ስመሰክር ወተቱን ዘለልኩት።

በመሰከርኩበት ሳምንት ጎረቤታችን እትዬ ውዴ ሊጠይቋት መጡ። እናቴ በእኔ እየኮራች፣ «ውዴ፣ እስቲ የልጄን ሱፍ ቅመሺላት፤ እንዲህ ያለ ጠጥተሽ አታውቂም» ብላ ኩባያዋን ዘረጋችላቸው። እኔ ከስፌት መኪናዬ እስክነሳ እትዬ ውዴ ተጎነጩ። ወዲያው ተፉትና አፋቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ «የሻረግ፣ ይሄ እኮ ወተት ነው» አሉ። የእሳቸውንም ጾም አስገደፍኩ ማለት ነው።

እሳቸው ተነስተው ሄዱ። እናቴም፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ። «ከመጀመሪያው ሳምንት» አልኳት። ጥፋቴን አምኜ ዝም ማለት ሲገባኝ ስብከት ጀመርኩላችሁ። ስለ መብል ጥቅስ በጥቅስ ላይ ደረደርኩባት። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ «ሃይማኖትሽን ስትለውጪ ፊት ለፊት ነግረሽኛል። አልቅሼ ቻልኩት። ይሄን ግን ዓይኗ አያይም ብለሽ ነው ያደረግሽኝ» አለች።



ከዚያ ቀን ወዲያ የምዳስሰውን ብቻ ስጪኝ አለች። ድንች ቅቅልና ዳቦ ነው፤ እሱንም በጣቷ እየፈተሸች። ውሃ እንኳ እትዬ ውዴ ካልቀዱላት አትጠጣም። ሳምንት ሳይሞላ ቁስሉ እንደገና መርጠብ ጀመረ። ያኔ ፈራሁ። በገዛ እጄ ልገድላት ነው አልኩ። ልጸልይ ብንበረከክ ቃል አልወጣልኝ አለ። ተነስቼ፣ «እማዬ፣ ምን ላድርግልሽ?» አልኳት። «የንስሐ አባቴን ጥሪልኝ» አለች።

የንስሐ አባቷ አባ ይትባረክ ይባላሉ። ከእናንተ ጋር ማምለክ ከጀመርኩ ወዲህ መንገድ ላይ ካየኋቸው ታጥፌ ነው የማልፈው። ስፌቴን ጥዬ በሚኒባስ አምበር ሄድኩ፤ ቅዳሴ እስኪያልቅም ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። ሲወጡ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም፣ ተከትለውኝ መጡ። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው፣ «እንዲህ የታመመ ሰው ጾም አይገደድም። እኔ ፈትቼሻለሁ፤ ጠጪ» አሏት። ስሸኛቸው በሩ ላይ ቆም አሉና፣ «ቁጥሬ እኮ እናትሽ ስልክ ላይ አለ። ያን ጊዜ ብትደውይልኝ በስልክ እፈታት ነበር» አሉኝ።

ያን ስልክ በየቀኑ ቻርጅ የማደርገው እኔ ነኝ። ለምን አልደወልኩም? ትዕቢት ነዋ! ለቄስ ጎንበስ ብሎ ከመጠየቅ እናቴን መዋሸት ቀለለኝ። ጌታን የተቀበልኩት ኮሌጅ ሳለሁ ነው ስላችሁ ኖሬአለሁ፤ ንስሐ ምን እንደሆነ የገባኝ ግን በዚያ በር ላይ ነው። ገብቼ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ይቅር ብዬሻለሁ» አለች። ከልቧ ነው፤ እሷ ለይስሙላ አትናገርም።

አመነችኝ ማለት ግን አይደለም። ኩባያ ባቀረብኩላት ቁጥር «ምንድን ነው?» ትለኛለች። «ወተት ነው፣ እማዬ» እላታለሁ። «ምን ገባበት?» «ማር ብቻ።» አሽትታ ትጠጣለች። ፋሲካ አልፎ፣ ክረምቱም አልፎ እንደዚያው ነው። ቁስሉ ዳነ፣ ስሙ ይባረክ። ሰባት ወር ጨመረልኝ። በእነዚያ ወራት በቀን ሦስቴ እውነት መናገር ተለማመድኩ።

ኅዳር ላይ ሳንባዋን ታመመች። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ኩባያውን ከንፈሯ ላይ አደረግሁላት። አልጠየቀችኝም። ዝም ብላ ተጎነጨች። አምናኝ ይሁን ደክሟት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለ እሷ ጌታን አመሰግናለሁ፤ ይህን አንድ ነገር ግን በየጸሎቴ እጠይቀዋለሁ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ «ለእነሱው ብዬ ነው» እያላችሁ ከእናት ከአባታችሁ የደበቃችሁት ነገር ካለ፣ እውነቱን ብትናገሩ የሚመጣውን ጌታ ይችለዋል፤ እመኑት። ሳይጠይቋችሁ ንገሯቸው።