«ቀጥዪ» ያልኩበት ሰኞ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። የሰፈሩ ሰው ሲያወራው እኔ ሰው ያዳንኩበት ቀን ነው። እኔ ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ነርስ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ዋርድ ውስጥ ሕመምተኛ ሳገላብጥ ወገቤ አልቋል፤ ሐኪሙም ከዚህ በኋላ ሰው ካነሳሽ ኦፕራሲዮን ነው የሚጠብቅሽ ብሎኛል። ስለዚህ የነርስ ረዳቶችን ማስተማር ለሚፈልጉ ነርሶች ኦንላይን ስልጠና አለ ሲሉኝ ሮጬ ተመዘገብኩ። አንድ የግል ማሰልጠኛም ሰርተፍኬቱን ካመጣሽ እንቀጥርሻለን ብሎኝ ነበር።

ትምህርቱ አልከበደኝም። ፈተናው ነው ጉድ ያደረገኝ። ፈታኟ በስክሪን እያዩ፣ አንዲት ተማሪ ሕመምተኛ ከአልጋ አንስታ ወንበር ላይ እንድታስቀምጥ በቃል ብቻ ማስተማር አለብኝ። እጅ ማስገባት ክልክል ነው። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። በመጀመሪያው ሙከራ ተማሪዋ ስትንቀራፈፍብኝ «ዞር በይ» ብዬ ሕመምተኛውን ራሴ አነሳሁትና ፈተናውን ወደቅኩ። ሁለተኛው የመጨረሻ ዕድሌ ነበር።

የኔ ቤት ቁስቋም ዳገቱ ላይ ስለሆነ ኔትወርክ አያስተማምንም። አዲሱ ገበያ ሱቅ ያላቸውን ሐጂን ቤታቸው ልፈተን ብዬ ለመንኳቸው። ሐጂ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የወሎ ሰው ናቸው፤ ስኳር አለባቸው፤ ለዓመታት የምለካላቸውም እኔ ነኝ። ሕመምተኛ ሆነው ሊተኙልኝ በደስታ እሺ አሉ። ተማሪዬ ሐያት ሆነች፤ የልጃቸው ሚስት፣ ሱቁን የያዘችው፣ ካላናገሯት የማትናገር ሴት።

ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀመርን። ሐጂን አስቀድሜ «ድክም እንዳለው ሰው ይሁኑልኝ፣ ቶሎ አይታዘዙ» ብያቸዋለሁ።

ሲጀመር አንደኛ ነበሩ። ሐያት በጎናቸው እንዲዞሩ ስትነግራቸው ዝም ብለው ያዩዋታል። እግራቸውን ከአልጋው እንዲያወርዱ ስትጠይቃቸው እጃቸውን ያነሳሉ። እኚህ ሰውዬ ሱቅ ገብተው ተበላሹ እንጂ ቲያትር ቤት ነበር ቦታቸው ብዬ በልቤ ሳቅኩ። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነው። ፈታኟ አንገታቸውን ደፍተው ሲጽፉ ምን ጻፉ ብዬ እጨነቃለሁ። እጆቼን ከኋላዬ ቆልፌያለሁ።

ሐያት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሲስተር፣ እጃቸው ቀዝቅዟል፤ አልቧቸዋል» አለችኝ።

«ቀጥዪ» አልኳት። ዞሬ እንኳን አላየኋቸውም።

ትንሽ ቆይታ ደግሞ በሟች ባለቤታቸው ስም እንደጠሯት ነገረችኝ። ይኼም ትወና መሰለኝ፤ እውነቱን ለመናገር እንዲመስለኝ ፈለግኩ። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ዕድሌ እያለቀ ነው። አሁንም ጥርሴን ነክሼ «ቀጥዪ» አልኳት።

ሐያት ቀና ብላ አየችኝ። «አልቀጥልም» አለች። «አባ አሟቸዋል።»

ያኔ ዞርኩ። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል፣ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። አሥራ አራት ዓመት ይኼንን ፊት አይቻለሁ። መለኪያዋን አምጥተን ጣታቸውን ስንወጋቸው ሠላሳ ስምንት አለ። ስኳራቸው ወርዶ ሊገድላቸው ነው።

ሐያት በሩጫ ስኳር በጥብጣ መጣች። ብርጭቆውን ከንፈራቸው ላይ ሳደርገው ግን ጥርሳቸውን ነክሰው ፊታቸውን አዞሩ። «ጾመኛ ነኝ» አሉ፣ ምላሳቸው እየተሳሰረ።

ለካ ሰኞ ሰኞ ይጾሙ ነበር። እንዳልቆጣቸው ደብቀውኝ፣ ሌሊት የስኳር ክኒናቸውን ውጠው ቀኑን ሙሉ እህል ውሃ ሳይቀምሱ ውለዋል። ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፣ አገጫቸውን ይዤ ሞከርኩ። እጄን ገፉኝ። ልጃቸው መኪናውን ይዞ መርካቶ ነው። ቤት ውስጥ ግሉኮስ የለ፣ መርፌ የለ። ራሳቸውን ከሳቱ ደግሞ በአፋቸው ምንም መስጠት አይቻልም፤ ትን ይላቸዋል። ዓይናቸው መከደን ሲጀምር እኔ የማደርገው ጠፋኝ።

ሐያት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አንገታቸውን በክንዷ ደገፈችና ጆሯቸው ሥር፣ «አባ፣ የመግሪብ አዛን ተብሏል። ያፍጥሩ» አለቻቸው።

መስኮቱ በፀሐይ ተጥለቅልቋል። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሊደርስ ከሦስት ሰዓት በላይ ይቀራል። ሐያት ደግሞ ለደንበኛ እንኳን የማትዋሽ ሰው ናት።

ሐጂ «ቢስሚላህ» ብለው አፋቸውን ከፈቱ። በትንሽ በትንሹ አጠጣቻቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስንለካ ሰባ ገብቷል፤ እኔንም በስሜ ጠሩኝ። ኮንትራት ታክሲ ይዘን ጤና ጣቢያ አደረስናቸው።

ማታ ተሽሏቸው ቤት ሲገቡ ሐያት እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ አዛኑን እንደዋሸቻቸው ነገረቻቸውና ዐውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አለች። ሐጂም ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጾሜን ደብቄያችሁ ነው አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው መረቁኝ። እኔም ዝም ብዬ አሜን አልኩ።

ፈተናውን አለፍኩ። ኔትወርኩ ይቆራረጥ ስለነበር ፈታኟ «ቀጥዪ» ማለቴን አልሰሙም። እጅ ማስገባቴ እውነተኛ አደጋ ስለሆነ አልተቆጠረብኝም፤ እስከዚያ ያዩትም በቂ ነው አሉ። እንዲያውም «ተማሪዋ የሕመምተኛውን ሁኔታ በንቃት እንድትከታተል በሚገባ አስተምራታለች» ብለው ጻፉልኝ። በዚያ ወረቀት ሥራ ይዣለሁ።

ሐጂ ዛሬም ሱቃቸው በር ላይ ለተቀመጠ ሁሉ እኔን እያሳዩ «ይቺ ልጅ ባትኖር አልቆልኝ ነበር» ይላሉ። ሐያት ትሰማለች፣ አንድ ቀንም ትንፍሽ አላለችም። አንዴ ነገሩን ላነሳባት ስል፣ «ተይው ሲስተር፣ ተረፉ አይደል» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ይኼንን ጽፌ ሳበቃ ሌላ ሰው ሳያነበው ሐጂ መስማት እንዳለባቸው ገባኝ። ነገ ከሥራ ስወጣ አዲሱ ገበያ እወርዳለሁ። ሐያት ሁለት ጊዜ እንደነገረችኝ፣ እኔ ሁለት ጊዜ ቀጥዪ እንዳልኳት እሷው ፊት እነግራቸዋለሁ። ምርቃታቸውን መልሰው ለእሷ ይስጧት።