የካድኩት መቀናጆ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ነፍስ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ይህችን ዘልያታለሁ። ጾም ሻርኩ ብያለሁ፣ ሰው አማሁ ብያለሁ። ክርስትና አባቴን ከመሬታቸው ነቀልኩ ግን አላልኩም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔ በየማኅበሩ ጠላ እየጠጣሁም አላወጣሁትም። ዛሬ ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ እናገራለሁ። ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል፤ ይህም ራሱ ፈሪነቴ ነው።

ቡሬ ማኔጅመንት ተምሬ ተመርቄ፣ ሥራ ባጣ ጅጋ አጠገብ ወዳለችው መንደራችን፣ ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ። አባቴ አንድ በሬ ነበረው። ጎረቤታችን አያ ታመነም እንዲሁ አንድ። ሁለቱ መቀናጆ ናቸው፤ በሬዎቻቸውን አንድ ላይ ጠምደው ተራ በተራ አንዴ የእኛን፣ አንዴ የእሳቸውን ያርሳሉ። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ክርስትና ያነሱኝም እሳቸው ናቸው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ እንዲያው ለወሬ ያህል፣ ይህ በሬ ተሸጦ ከብት ቢደለብበት ምን ነበር አለ። ከዚያ በላይ አላሰበውም። እኔ ግን ስልኬን አውጥቼ ይህንኑ ለኤአይ፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎቱ፣ ጻፍኩለት። የበሬውን ዕድሜ፣ የመኖውን ዓይነት፣ ገበያው የሚደራበትን ጊዜ እየጠየቀ፣ ያችን የአባቴን ቁራጭ ወሬ በየወሩ ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ ዕቅድ አደረጋት። ደስ አለኝ። ከተመረቅኩ ወዲህ ቁም ነገር የሠራሁ የመሰለኝ ያን ቀን ነው።

ቀጥሎ አንድ ነገር ጠየቀኝ። በዚህ በሬ ጉልበት የሚተዳደር ሌላ ሰው አለ ወይ? ካለ ዕቅዱ እሱንም ማሰብ አለበት አለኝ።

እኔ ምን አልኩ? የለም አልኩ።

ረስቼ ይመስላችኋል? አያ ታመነ በዚያች ሰዓት ከአጥሩ ወዲያ ሲያስሉ ይሰማኝ ነበር። አልረሳሁም። ዕቅዱ የመኖ መሬት ያንሳችኋል ይል ነበር፤ የእሳቸው ማሳ ደግሞ ከእኛ ጋር ኩታ ገጠም ነው። መቀናጆ ያጣ ገበሬ መሬቱን ከማከራየት ሌላ ምን ያደርጋል? ይህን ስልኬ አልነገረኝም። እኔው አውቄ፣ እኔው አስቤ፣ እኔው የለም ብዬ ጻፍኩ።

ዕቅዱን ሳነብለት አባቴም መጀመሪያ የጠየቀኝ ያንኑ ነው።

«አበልጄስ በምን ያርሳል?»

«ስልኩ እሱንም አስቦበታል፤ ችግር የለውም ብሏል» አልኩት።

አባቴ ፊደል አልቆጠረም፤ የተማረ ልጁን ያምናል። በሬው ጅጋ ገበያ ወጣ። ያለንን ጨምረን ከሲታ በሬዎች ገዝተን ለድለባ አሰርን።

ዕቅዱ ከሸፈ ብል ይቀለኝ ነበር፤ አልከሸፈም። ለፋሲካ ሸጥን፣ ሌሎች አሰርን፣ የራሳችንን ማሳ በኪራይ ትራክተር አሳረስን። ክረምት ሲገባ አያ ታመነ መቀናጆ ፍለጋ በየደጁ ዞሩ። ሰኔ ላይ ማን ነጠላ በሬ ይዞ ይጠብቃል? አባቴ ከሚደልቡት አንዱን ላውሳቸው ቢል፣ የታሰረ በሬ ከተጠመደ ይከሳል ብዬ ከለከልኩት። መሬታቸውን እንዲያከራዩን ሄጄ የጠየቅኋቸውም እኔ ነኝ። እምቢ አላሉኝም። በዓመቱ ሥራ የፈታውን በሬያቸውን ሸጡልንና ቡሬ ሄደው የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኑ። ያንንም በሬ አድልበን ለእርድ ሸጥነው።

ሥራ አጥ ነበርኩ ልበል? ወጣት ነበርኩ ልበል? የተራበ ሰው ይሰርቃል፤ እኔ ግን አልራበኝም። ብልጥ መባል አማረኝ እንጂ።

አባቴን ነገሩ እንቅልፍ ነሳው። በመጨረሻ ሽማግሌ ይዞ ቡሬ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩ። መጋዘኑ በር ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ የልጄን ስልክ ምክር ሰምቼ በድዬሃለሁ ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። ድንጋዩ የእኔ ነበር። አያ ታመነ ተሯሩጠው ከጫንቃው አወረዱለትና ደግፈው አነሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ስልክህ ላይ የጠየቅኸው ነገር እኔ መኖሬን ባያውቅ ነው እንጂ፣ ቢያውቅማ እንዲህ አይልም ነበር፤ አይደል?»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ስልኩ ጠይቆኝ ነበር፤ ስለ እርስዎ ተጠይቄ የለም ያልኩት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አዎ አያ፣ አያውቅም ነበር» አልኩ። ለአባቴ አስቦበታል ብዬው እንደነበር እሱም እኔም አላነሳነውም።

«እንግዲያ ካላወቀ ምን ይፈረድበታል» አሉ። አባቴን ይቅር አሉት። ስልኬንም ይቅር አሉት። እኔ ግን ይቅር ከሚባሉት መካከል አልነበርኩም፤ በዳይ መሆኔን አፍ አውጥቶ የተናገረ አልነበረምና።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እሳቸው ዘንድ ሄጄ መናገር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ መንገዱንም አውቀዋለሁ። ማሳቸው ዛሬም በእኛ እጅ ነው። ኪራዩን ለማድረስ በየዓመቱ ቡሬ እሄዳለሁ። አያ ታመነ ከወንበራቸው ተነስተው፣ እንዳንተ ያለ ልጅ ለሁሉም ይስጥ ብለው ይመርቁኛል። እኔም አሜን እላለሁ።