መሪውን ስጠኝና

ባለቤቴ ፍኖተ ሰላም ላይ ብስክሌት ይጠግናል፤ ያከራያልም። እኔም ያወቅሁት ብስክሌት ልለማመድ ሄጄ ነው። ሱቁ ውስጥ ጠዋት ማታ አንድ የድሮ ዘፈን ይከፈታል፤ ወንዱ ደወል እያቃጨለ «ነይ ከኋላዬ ተቀመጪ» ሲል ሴቷ «መሪውን ስጠኝና» ብላ ትመልስለታለች። ሰፈርተኛው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል።

የተጋባነው ቡሬ አጠገብ፣ እኔ ባደግሁበት መንደር ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ወግ ሲጎድል ዓይናቸው ውስጥ በርበሬ የገባ ይመስል ይቆጣሉ። ሙሽራውና ሚዜዎቹ በአበባ ባጌጡ ብስክሌቶች ከተፍ ሲሉ፣ «በቅሎው አለቀ? መኪናውስ ጠፋ?» አሉ። ቀጥለው፣ «እንግዲያስ በወጉ ዘፍነው በሩን ካላስከፈቱ ልጄን አልሰጥም!»

አባቴ ካሉ አሉ ነው። ጓዳ ሆኜ ክው አልኩ።

በሩን የያዘችው አክስቴ ናት፤ በግጥም የሚረታት አልተወለደም። የእኛ ከተሜዎች ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የሰርግ ዘፈን በስፒከር ለቀቁ!

«ወግዱ እቴ! በር የሚያስከፍተው አፍ ነው እንጂ ሣጥን ነው እንዴ?» አለቻቸው። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሚዜዎቹ አፍረው ስፒከሩን አጠፉና በአፋቸው ሞከሩ፤ ግን ከአዝማቹ አላለፉም፣ ግጥሙ ጠፋባቸው። አናደዱኝ! አንድ ዘፈን አጥንቶ መምጣት ምን ይከብዳል? አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሊያሰናብቷቸው ተነሱ።

«አባታችን፣ አንዲት ብቻ ይፍቀዱልን» አለ ሙሽራው። በዚያ ስንጥቅ ድምፁ የሱቁን ዘፈን ጀመረ፤ ሚዜዎቹ ደወል እያቃጨሉ ተቀበሉት። የሴቷ ተራ ደረሰ። አክስቴ አፏን ከፈተች፤ ግን ከየት ታምጣው? ሰምታው አታውቅም።

ሙሽራ በዚያ ሰዓት አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች እንጂ ትንፍሽ አትልም። ኧረ ምን አንገት መድፋት! ባሌ ሊመለስብኝ ነው እኮ! ቬሎዬን ሰብስቤ ብድግ አልኩና «መሪውን ስጠኝና!» ብዬ ለቀቅሁት፤ ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

«ጉድ ፈላ! ልጅቷ ከዳችን!» ብላ አክስቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

ሁላችንም አባቴን ጠበቅን። በኋላ ትከሻቸው በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ሙሽሪት ራሷ ከውስጥ ከተቀበለች በር መያዝ ምን ይሠራል? ክፈቱ!» አሉ።

ሚዜዎቹ ሊገቡ ተጋፉ። በሩ ሲከፈት ግን ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ።