የማይሸጥ ቤት ደላላ

ኪዳነ ማርያም ለሽያጭ የቀረበ ቤት አያሻሽጥም ነበር። እንዲህ ያለውን ተራ ሥራ መሳለሚያ ላይ ቆመው የመኪናውንም የቤቱንም የሠራተኛውንም ዋጋ በአንድ ትንፋሽ ለሚጠሩ ደላሎች ትቶታል። እሱ የሚያሻሽጠው ባለቤቱ ሊሸጠው ያላሰበውን ቤት ነው። ጠዋት የቤት ጌታ ሆኖ የወጣውን ሰው ማታ ሻጭ አድርጎ መመለስ ይችል ነበር፤ ይህንንም ችሎታውን ክህነት የተቀበለበት ይመስል በታላቅ ክብር ይዞታል።

የተወለደው አብነት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት ሳይመጣለት ሲቀር በአንድ ጨርቅ መደብር ጥቂት ዓመት ሻጭ ሆኖ ሠራ። እዚያ የቀሰመው ትምህርት አንድ ብቻ ነው፤ “አልፈልግም” የሚል ደንበኛ እጁ ጨርቁን መዳበሱን አያቆምም። ደርግ ወድቆ ቤት መሸጥና መለወጥ ሲለቀቅ ይህንኑ ትምህርት ከጨርቅ ወደ ቤት አዛወረው። ለቅሶ አይቀርም፤ የሚያለቅሰው ግን በአንድ ዓይኑ ነው፤ በሌላው የግቢውን ስፋት ይለካል፤ ወራሾቹ በስንት ጎራ እንደ ተከፈሉም ያጠናል። የታመመ ይጠይቃል፤ ከበሽተኛው ይልቅ ግን የጣሪያው ክዳን ያሳስበዋል። ሰፈሩ ሰውን የሚመዝነው በመገኘቱና በመቅረቱ ብቻ ስለ ነበር፣ “ኪዳኔ ሰው ወዳድ ነው” ይባልለታል።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ መርካቶ ወደ ላይ መርዘም ሲጀምር፣ ጠይብ የሚባል የታወቀ አከፋፋይ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት ቤቶችን ገዝቶ ፎቅ ሊሠራ አሰበ። የግራና የቀኙ ባለቤቶች ተስማሙ። የመካከለኛው ቤት የእትዬ ማሂራ ነው። እትዬ ማሂራ ባላቸው የሞተባቸው፣ የፊቱን ክፍል ለቅመም ነጋዴ አከራይተው ከኋላ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ኪዳነ ማርያም ገና በራቸውን ሳያንኳኳ ለጠይብ፣ “የመካከለኛውን ለኔ ተውልኝ፤ ተስማምተዋል፣ አልቋል በለው” አለው። ጠይብም ይህን ቃል አምኖ የግራና የቀኙን ገዛ። እትዬ ማሂራ ካልሸጡ ጠይብ ፎቅ የማይቆምባቸው ሁለት የተነጣጠሉ ቤቶች ታቅፎ ይቀራል፤ ኪዳነ ማርያምን ደግሞ ከዚያ በኋላ በመርካቶ ቃሉን አምኖ ሥራ የሚሰጠው አይኖርም።

“እትዬ ማሂራ፣” አላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሄዶ፣ “እኔ እኮ ቤት ልጠይቅዎት አይደለም የመጣሁት፤ እረፍት ላመጣልዎት ነው።”

“ደክሞኛል ብዬሃለሁ እንዴ?”

“ይኼ ጫጫታ፣ ይኼ የበርበሬ ብናኝ ለርስዎ ይገባል? አየር ጤና በኩል ሰፊ ግቢ አለ፤ ዛፍ ያለበት፣ አየሩ ንጹሕ።”

“ዛፉ ኪራይ ይከፍለኛል?”

“ዕድሜዎም እኮ…”

“ዕድሜዬን ተወው፤ እሱንም አልሸጥም። ሻይህን ጠጣ፣ ይቀዘቅዝብሃል።”

ሦስት ጊዜ ሄደ፤ ሦስት ጊዜም ሻይ ቀረበለት። ኪዳነ ማርያም የጠጣውን ሻይ ሁሉ እንደ ቀብድ ቆጠረው። እሺታው ግን እምቢ ሲለው ጊዜ ወሬ ፈጠረ። በመንደሩ በር ለበር እየዞረ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ከውስጥ የሰማሁት ነው፤ ሰፈሩ ሊነሳ ነው። ካሳው ለመጋረጃም አይበቃም” አለ። ወሬው በጎረቤት አፍ ዞሮ እትዬ ማሂራ ጆሮ እንዲገባ ነበር ሐሳቡ። ገባም። እሳቸው ግን “ሲነሳ አብሬ እነሳለሁ” ብለው የሱቁን በር አረንጓዴ ቀለም አስቀቡት። የተጎዳው ሌላው ነው። ሳህንና ብርጭቆ የሚሸጠው ሐምዱ፣ ለሚፈርስ ቤት ቆርቆሮ አላባክንም ብሎ ጣሪያውን ሳያስጠግን ክረምቱ ገባበት።

ሞባይል ገና የሀብታም መታወቂያ በነበረበት በዚያ ዘመን ጠይብ በየቀኑ ወደ ኪዳነ ማርያም የቤት ስልክ ይደውል ጀመር።

“ኪዳኔ፣ መሐንዲሱ ሊለካ ይመጣል። ከሴትዮዋ ጋር መቼ ነው የምንፈራረመው?”

“በዚህ ሳምንት፣ ጋሼ ጠይብ። በቃ፣ በዚህ ሳምንት!”

በዚህ ጭንቅ ውስጥ ሳለ ነው ሽማግሌ መላክ የታየው። ደላላን እምቢ ያለች ሴት ሽማግሌን ባዶ እጁን ከደጃፏ መመለስ ታፍራለች ብሎ አሰላ። ሀጂ ቡርሃን የተኳረፉ የንግድ ሸሪኮችን በማስታረቅ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ወልደ ሚካኤል ደግሞ የእድሩ ዳኛ። ለሁለቱም አንገቱን ደፍቶ፣ “እትዬ ማሂራ ቤታቸውን ሊሸጡልኝ ቃል ሰጥተው አጠፉ። እኔ ከእናቴ እኩያ ጋር ፍርድ ቤት መቆም አይሆንልኝም፤ አስታርቁን” አላቸው። ትሕትናው ልብ ይነካ ነበር፤ ውሸት መሆኑ ብቻ ነው ጉድለቱ።

ዓርብ ከጸሎት በኋላ፣ መንገዱን የሞላው ሰው ሲበተን፣ በእትዬ ማሂራ ክፍል ተቀመጡ።

“ከመጀመራችን በፊት፣” አሉ ሀጂ ቡርሃን፣ “የምንወስነውን ትቀበላላችሁ?”

“ከቃላችሁ አልወጣም!” አለ ኪዳነ ማርያም፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

“ምን እንዳጣላን ባላውቅም እቀበላለሁ፤” አሉ እትዬ ማሂራ።

ጋሼ ወልደ ሚካኤል ወደ ደላላው ዞሩ። “ቃል የሰጡህ መቼ ነው?”

“ያው፣ መጀመሪያ ስመጣ… አቀባበላቸው ጥሩ ነበር።”

“አቀባበሉን አልጠየቅሁህም። ‘እሸጥልሃለሁ’ ብለዋል?”

“እንደሱ በቀጥታ እንኳ… ሻይ አቀረቡልኝ። ሁለተኛም ስመጣ አቀረቡልኝ። በሦስተኛው ቂጣም ነበረበት።”

“ቂጣ፤” አሉ ሀጂ ቡርሃን።

“መሸጥ የማይፈልግ ሰው ደላላ ያባርራል እንጂ ይጋብዛል እንዴ፣ ሀጂ?”

“ያ አላህ!” አሉ እትዬ ማሂራ፣ ሳቃቸው እያቋረጣቸው። “ትናንት ለቆራሌው ውሃ ሰጥቼዋለሁ። እሱም ቤቱን ሊረከብ ይምጣ?”

ሀጂ ቡርሃን ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ጋሼ ወልደ ሚካኤል ግን አልሳቁም። “ሰፈሩ ይነሳል ያልከውስ? የእድሩን ዕቃ ቤት ጥገና ያስቆምሁት በዚያ ወሬ ነው። ከማን ሰማኸው?”

“ከ… ሰው።”

“ከየትኛው ሰው?”

ኪዳነ ማርያም ሽማግሌዎቹን ይዞ የመጣው እንደ መክፈቻ ቁልፍ ሊጠቀምባቸው ነበር፤ ከገቡ በኋላ ግን በእውነት ሽማግሌ ሆነው ተቀመጡበት።

ሀጂ ቡርሃን ፍርዱን ሰጡ። “እትዬ ማሂራን ይቅርታ ትጠይቃለህ። ነገ ከኛ ጋር ጠይብ ዘንድ ሄደህ ‘ዋሽቼሃለሁ’ ትለዋለህ። ከዚያ ወሬውን ያወራህበትን በር ሁሉ አንኳኩተህ ውሸት መሆኑን ትናገራለህ፤ እስኪያምኑህ ድረስ።”

“ሀጂ! ጠይብ ከሰማ እኮ አለቀልኝ!”

“ከቃላችሁ አልወጣም ያልከው አንተ ነህ።”

ፍርዱን ቢሽር ዋስ የሚሆነው፣ ከሱቁ የሚያስቀምጠው ሰው እንደማያገኝ ያውቃል። ከሁለቱ ውርደት ጨዋ የሚመስለውን መረጠ።

በማግስቱ ጠዋት ጠይብ ከሂሳብ ማሽኑ ቀና ሳይል ሰምቶት ሲያበቃ፣ “ለሌላ ሰው ዋሽተህ ቢሆን ኖሮ ጎበዝ እልህ ነበር፣ ኪዳኔ” አለው። “እኔን ግን ዋሸኸኝ። ሁለተኛ ይህን በር እንዳትረግጥ።” የሰውዬው ሥነ ምግባር ከዚህ አያልፍም ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ይህን ተረድተው ሳይመክሩት ወጡ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ወልደ ሚካኤል ከዘራቸውን ይዘው አጠገቡ ቆመው፣ ኪዳነ ማርያም የሐምዱን ሱቅ አንኳኳ። ሐምዱ፣ ቤቱን እንዲሸጥ የሚጎተጉተውን ይህን ደላላ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ዝንብ ሲያባርረው የኖረ ሰው ነው።

“ሐምዱ፣ ሰፈሩ አይነሳም። ወሬውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው።”

ሐምዱ አንዴ ደላላውን፣ አንዴ ሽማግሌውን አየ፤ ከዚያ ፊቱ በራ። “አሃ! ዋጋ ወጣ በላ!”

“ኧረ አይደለም!”

“ልታስፈራራኝ ስትፈልግ ይነሳል አልክ። አሁን ገዢው ሲበዛ ልታዘናጋኝና ሌላውን ልታስቀድም ነው። ስንት ይሰጣል? እሸጣለሁ።”

“እሸጣለሁ”። ይህን ቃል ከሐምዱ አፍ ለማውጣት ስንት ለቅሶ ተቀምጦ፣ ስንት በሽተኛ ጠይቆ ነበር! ኪዳነ ማርያም ምራቁን ዋጠ። ወደ ጋሼ ወልደ ሚካኤል ሰረቅ አድርጎ ተመለከተ፤ ከዘራው አልተነቃነቀም።

“እውነቴን ነው፤ አይነሳም። ጣሪያህን አስጠግን። ወላሂ!”

“ይኸው፣ በሰው መሐላ ይምላል!” አለ ሐምዱ ለጎረቤቶቹ እየጮኸ። “የማርያም ልጅ ወላሂ ካለ ዋጋው በእጥፍ ሄዷል ማለት ነው!”

“ይኼ በር አልተቆጠረም፤” አሉ ጋሼ ወልደ ሚካኤል ክንዱን ይዘው። “ሰኞ ትመለስበታለህ።”

ጩኸቱን የሰማው የቀጣዩ ቤት ባለቤት፣ የቤቱን ካርታ በእጁ ይዞ፣ ገና ሳይንኳኳ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር።