አሮጌው ካልተመለሰ አዲሱ አይወጣም

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። የምሠራው በምዕራብ ጎጃም ካሉት ከተሞች በአንዷ፣ የገበሬ መሬት መዝገብ በሚያዝበት መሥሪያ ቤት ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ኃላፊያችን ገጠመኝ ማንበብ ይወዳሉ። እኔ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ፣ ሥራዬም የኮምፒውተር ባለሙያ። ብዙ ነገር ተበላሽቶብኝ ጠግኜ ረስቻለሁ። ይህኛው አልረሳ ያለኝ በአንዲት እናት አውራ ጣት ምክንያት ነው።

መዝገባችን በሙሉ የሚቀመጠው አንድ ሰርቨር ላይ ነው። ሌሎቹ የቢሮው ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጠይቁት እሱን ነው፤ የሚያንቀሳቅሰውም ሊኑክስ የሚባል ፕሮግራም ነው። እኔ ስቀጠር ሁለት ዲስክ ነበረው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ። አንዱ ሞተ፤ ሬሳውን ንብረት ክፍል ወዲያው ተረከበው። ምትክ እንዲገዛ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስቱም «ለሚመለከተው ክፍል» ተብለው ተመሩና የሚመለከተው ክፍል ሳይገኝ ቀረ። በዚህ መሀል የቀረው አንድ ዲስክ ሞላ።

በምን ሞላ ብትሉ፣ በመሬት መዝገብ አይደለም። የወረዳው ገበሬ መሬት በሙሉ፣ ከነወሰኑ ከነባለቤቱ ስም፣ የግማሽ ቀን ስብሰባ ቪዲዮ አያህልም ነበር። ቦታውን የያዘው ኃላፊያችን በየሥልጠናው ንግግር ሲያደርጉ የተቀረፀው ነው። አንዱ ንግግርማ በሦስት ካሜራ ነው የተቀረፀው።

«ጌታዬ፣ ከዚህ ጥቂቱን ብናጠፋ ቦታ ይገኛል» አልኳቸው።

«ታሪክ አይጠፋም» አሉኝ።

ታሪክ እንዳይጠፋ ትልቅ ዲስክ ይገዛ ተባለ። የዚህኛው ደብዳቤ መልስ በሦስት ቀን መጣ።

ዲስኩ ከባሕር ዳር በሚኒባስ ተጭኖ በደረሰበት ዕለት ጠዋት ሰርቨሩ ጭራሽ ቆመ። መዝገብ አይከፍትም፣ አያትምም። ባለጉዳይ ኮሪደሩ ላይ ተደረደረ። ከመካከላቸው አንዷ እማማ አንጓች ነበሩ። የሟች ባላቸው ወንድም ወሰን ገፍቶባቸው ተካሰዋል፤ የፍርድ ቤት ቀጠሯቸው በማግስቱ ነው። የይዞታ ደብተራቸውን አይጥ በልቶታል። ከእኛ መዝገብ ታትሞ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ካላቀረቡ ምንም የሚይዙት የላቸውም።

«ሦስት ጥማድ ናት ልጄ፤ ሌላ የለኝም» አሉኝ።

«መሬትዎ ያለው ዲስኩ ውስጥ ነው እማማ፤ ወረቀቱን ዛሬውኑ ያገኛሉ» ብያቸው ወደ ንብረት ክፍል ወረድኩ።

የንብረት ክፍሉ ሹም ጋሼ ምትኩ ይባላሉ። ስማቸው ምትኩ ቢሆንም ምትክ ከእጃቸው ማውጣት ቀላል አይደለም። ያለቀውን እስክሪብቶ ሳይረከቡ አዲስ አይሰጡም።

«አሮጌውን አምጪ፣ አዲሱን ውሰጂ» አሉኝ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።

«ጋሼ፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ መገልበጥ አለብኝ። ለዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ያስፈልጉኛል።»

«ሁለት ዲስክ በአንድ ሰው እጅ? እንዲህ የሚል መመሪያ አላየሁም።»

«አሮጌውን ነቅዬ ካመጣሁት እኮ መዝገቡም አብሮ ይወጣል።»

«ምን ቸገረሽ? ከነመዝገቡ እረከብሻለሁ።»

ወደ ኃላፊያችን ወጣሁ። «የዲጂታል ሽግግር» ማብሠሪያ ንግግራቸውን እያረሙ አገኘኋቸው። መመሪያ እንደማይጥሱ፣ ነገር ግን ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ እንደሚያዋቅሩ ነገሩኝ። ወዲያው አዋቀሩም። ከሦስቱ አባላት ሁለቱ መስክ ወጥተዋል፤ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

ተመልሼ ጋሼ ምትኩን ለመንኳቸው። ብዙ ካሰቡ በኋላ አንድ መንገድ አገኙ፤ ዋስ ካመጣሁ ሁለቱንም እስከ ማምሻው በእጄ መያዝ እችላለሁ። ደስ ብሎኝ ወደ ባልደረቦቼ ሮጥኩ። ስንት ዓመት አብረን ማኅበር የጠጣን ሰዎች ነን። አንዱ ባለቤቱን ሳያማክር እንደማይፈርም ነገረኝ። አንዷ ለሰው ዋስ ላለመሆን ተስላለች። ሌላው በደስታ እሺ ብሎኝ እስክሪብቶ ሊያመጣ እንደወጣ ቀረ።

ንብረት ክፍሉ በር ላይ ቆሜ እንባዬ ሲመጣ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። «እኔ እዋሳታለሁ።» እማማ አንጓች ተከትለውኝ ኖሯል።

«ያውቋታል?» አሉ ጋሼ ምትኩ።

«ዛሬ ጠዋት አወቅኋት።»

«የሚዋሱላትስ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አላውቅም። መሬቴ እዚያ ውስጥ ነው ብላኛለች፤ ይበቃኛል።»

ጋሼ ምትኩ የዋስትና ቅጹን አገላበጡ። «ዋስ ንብረት ያለው መሆን አለበት። ምን አለዎት?»

«ሦስት ጥማድ መሬት።»

«ማስረጃ?»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። የመሬታቸው ማስረጃ ያለው ዲስኩ ውስጥ ነው፤ ዲስኩ የሚከፈተው በዋስ ነው፤ ዋሱ ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል።

እማማ መልሰው ወደ ጋሼ ምትኩ ዞሩና «ወንድምዬ፣ እርስዎ ጎተራ ሲቀይሩ አሮጌውን አስቀድመው አፍርሰው እህሉን ጭቃ ላይ ይዘረግፉታል?» አሏቸው። ቀጥለው በአገውኛ አንድ ነገር ጨመሩ። እኔ አልገባኝም። ጋሼ ምትኩ ግን አገው ናቸው፤ ጆሯቸው ድረስ ቀሉና ሳቁ። ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ብድግ ብለው ቅጹ ላይ በሚያምር ጽሕፈታቸው «የዋስ ማስረጃ ከዲስኩ ሲወጣ ይያያዛል» ብለው ጻፉ። እማማ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው በረጅሙ ተጫኑት፤ እንዳይለቅ የፈሩ ይመስል።

መገልበጡ ሦስት ሰዓት ፈጀ። አሮጌው ዲስክ ውስጡ ጠጠር እንደገባበት መንኳኳት ጀመረ። መብራት እንዳይጠፋብኝ የማልችለውን ስለት ሁሉ ተሳልኩ። እማማ በር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ዋስ ስለሆኑ መሰለኝ፣ ከዓይናቸው አልራቅሁም።

ሲያልቅ አሮጌውን ነቅዬ ሰርቨሩን በአዲሱ ዲስክ አስነሣሁት። ስክሪኑ ጨለመና አንድ መስመር ጽሑፍ ወጣ። ለካ ሊኑክስ ሲነሣ ዲስኩን የሚፈልገው በመለያ ቁጥሩ ነው፤ የተጻፈለት ደግሞ የአሮጌው ቁጥር ነው።

«ምን አለሽ ልጄ?» አሉ እማማ።

«አሮጌውን አምጪ አለኝ።»

«ይህም ንብረት ክፍል ነው?»

በዚያ ጭንቀት መሀል ሳቄ አመለጠኝ። ሳቁ ነው መሰል ያረጋጋኝ። ሰርቨሩን በፍላሽ አስነሥቼ መለያ ቁጥሩን በአዲሱ ቀየርኩና እንደገና አበራሁት። መዝገቡ ተከፈተ።

የእማማን ገጽ አውጥቼ አነበብኩላቸው። ስማቸውን፣ የባላቸውን ስም፣ ሦስቱን ጥማድ፣ በምሥራቅ ማን፣ በምዕራብ ወንዙ። ከተቀመጡበት ተነሥተው ቆመው ሰሙኝ። «አዎ፣ ወንዙ ድረስ ነው። ወንዙ ድረስ ነበር ስላቸው አበደች አሉኝ» አሉ። ሁለት ቅጂ አተምኩ፤ አንዱ ለፍርድ ቤት፣ አንዱ ለጋሼ ምትኩ። አሮጌውን ዲስክ ከማስረከቤ በፊት ልያት አሉና መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኗት። «ይቺ ናት? ስንቱን ሰው ተሸክማ» አሉ።

በሳምንቱ የዲጂታል ሽግግሩ በባነር ተበሠረ። ኃላፊያችን ኮሚቴውን አመሰገኑ። የእማማን ስም የጠራ የለም። ዝግጅቱ በአራት ካሜራ ተቀርፆ አዲሱ ዲስክ ላይ ገባ።

ለእማማ ፍርድ ቤቱ ወሰናቸውን መለሰላቸው። ዛሬም በገበያ ቀን ስንገናኝ የእኔን ጤና ከጠየቁ በኋላ «ያ የተዋስኩለትስ ደህና ነው?» ይሉኛል።

«ደህና ነው እማማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላቸዋለሁ። እንዲህ ስላቸው ግን ፊታቸውን ማየት ያሳፍረኛል። ሁለተኛ ዲስክ እስካሁን አልተገዛም፤ ሦስቱም ጥማድ ያሉት አንዱ ላይ ነው። የማያውቁትን አምነው ጣታቸውን ሰጡኝ፤ እኔ የማውቀውን ልነግራቸው አልደፈርኩም። አራተኛውን ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል።