ቀይ ክር የታሰረበት ድስት

አክስቴ አስካለማርያም መቐለ ውስጥ የፈረንጅ ምሳ ታበስል ነበር ስል የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። ጣሊያን በወጣ በአራተኛው ዓመት፣ ሰዉ ሁሉ «ሙሴ» የሚለው አንድ ፈረንሳዊ ገበያው አጠገብ ምግብ ቤት ከፈተ። ድሬዳዋና ደሴም አንዳንድ ቤት ነበረው፤ በሦስቱም ሾርባው፣ ወጡ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብሱ፣ ዋጋውም አንድ ነው። ረከስ ስለሚል ጸሐፊውም ነጋዴውም ቀትር ላይ እዚያ ነው።

ከመንዝ የመጣችው አክስቴ በየቀኑ ሁለት ድስት ትጥዳለች። አንዱ የክርስቲያን እርድ ነው። ጆሮው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት ደግሞ ሙስሊሙ አራጅ ጀላሉ የሚያርደው፣ የሙስሊሙ ነው። ጭልፋቸው እንኳ አይነካካም። የወሎ ነጋዴዎች አለቃ ይማም ሳህኑ ሲቀርብለት ሁልጊዜ «በእጅሽ ነው?» ይላታል፤ ከባለቀይ ክሩ ድስት ራስሽ ቀዳሽው ወይ ማለቱ ነው። «በእጄ ነው» ስትለው ቢስሚላሂ ብሎ ይጀምራል። እሱ ካልጀመረ አሥሩ ጓደኞቹ አይነኩም።

አንድ ሰኞ፣ ገበያው ደርቶ ቤቱ ጢም ባለበት ቀን፣ አክስቴ ሽንኩርት ልታመጣ ጓዳ ገብታ ስትመለስ ቀይ ክር ያለበት ድስት ባዶውን መሬት ተቀምጧል። ሙሴ ምድጃው ጠቦት ኖሮ ሁለቱንም ወጥ አንድ ትልቅ ድስት ውስጥ ገልብጦ ያማስላል።

«ሥጋ ሥጋ ነው» አላት በተሰባበረ አማርኛው። «አንዲት ቃል ከተነፈስሽ ነገ እንዳትመጪ።»

ባሏ ከሞተ ወዲህ እኔንና ሁለት ልጆቿን የምታበላው በዚያ ምድጃ ነው። እኔ ብሆን ዝም እል ነበር፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ሆድ ክፉ ነው።

ሙሴ ራሱ ቀድቶ ሳህኖቹን አስያዛትና ከኋላዋ ተከተላት። መረቁ ፈሶ አውራ ጣቷን ለበለባት። እንደምንም አንዱን ሳህን ይማም ፊት አስቀመጠችው።

«በእጅሽ ነው?»

የሙሴ ትንፋሽ ማጅራቷ ላይ ይሰማታል። ይማም ቀና ብሎ አያት።

«እቴ አስካለ፣ በእጅሽ ነው ወይ?»

«አይደለም» አለች። «ሁለቱ ተቀላቅሏል። አትብላ።»

ይማም እጁን ሰበሰበ። አሥሩም ሰበሰቡ። ከማዶው ጠረጴዛ አንድ የአገሩ ጸሐፊ ሹካውን አፉ ጋ እንዳደረሰ ቀረ።

«ሓፍተይ፣ የኛስ?» አላት፣ በትግርኛ እህቴ ብሎ።

«የእናንተም።»

ከዚያ በኋላ የተሰማው የወንበር መንኳኳት ብቻ ነው። ቤቱ ባዶ ሲቀር ሙሴ ሽርጧን አስፈትቶ በሩን አሳያት። ባለቀይ ክሩ ድስት የራሷ ስለነበር ታቅፋው ወጣች። እንባዋን እንዳያዩባት ብትቸኩልም ይማም ደጅ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«ሌላ ድስት አለሽ?»

«አንዲት የሽሮ አለችኝ።»

«እሷ ለናንተ ትሁን። ነገ ጀላሉ በግ ያርዳል፤ ቤትሽ እንመጣለን።»

መጡ። የኪራይ ክፍሏ ስላልበቃቻቸው ደጅ ላይ ሰሌን አነጠፈችላቸው። ሳህኑን ይማም ፊት አኖረችና እንደ ልማዷ ጥያቄውን ቆማ ጠበቀች። እሱ ግን ቢስሚላሂ ብሎ ቆረሰ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ከእጇ ሲበላ አንድም ቀን አልጠየቃትም።